ሮም ለብቸኛ መንገደኛ፦ ኪስ ሳይራቆት አምስት ቀን

ሮም ውድ ከተማ ናት ይባላል። ናት፤ ግን ለሁሉም እኩል አይደለችም። የምትከብደው ለቸኮለ ሰው ነው፦ ቲኬቱን በር ላይ ደርሶ ለሚፈልግ፣ ረሃብ ሲጠናበት መጀመሪያ ያየው ወንበር ላይ ለሚቀመጥ፣ ወር ሳይመርጥ ለሚነሳ። ቀድሞ ላሰበበት ሰው ግን የከተማዋ ምርጡ ክፍል በነፃ ነው። የካራቫጆ ሥዕል፣ የሚኬላንጄሎ ሐውልት፣ የሁለት ሺህ ዓመት ድንጋይ፣ የሚጠጣው ውኃ ሳይቀር።

ብቻውን የሚሄድ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ የሚነታረከው የለም። ጎህ ሳይቀድ ቢወጣ፣ ምሳውን ቆሞ ቢበላ፣ አንድ ሥዕል ፊት ግማሽ ሰዓት ቢገተር «እንሂድ እንጂ» የሚለው አይኖርም። እኔ እንደሠራሁበት ቅደም ተከተሉን ላስቀምጥ። ዋጋዎቹ ትንሽ ከፍ ዝቅ ሊሉ ስለሚችሉ ከመክፈላችሁ በፊት በየተቋሙ ይፋዊ ድረ ገጽ አረጋግጡ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. ከሁሉ በፊት ወሩን ምረጡ

ወጪያችሁን ከምንም በላይ የሚወስነው የምትሄዱበት ወር ነው። ከአፕሪል እስከ ጁን፣ እንዲሁም ሴፕቴምበርና ኦክቶበር አየሩ ያማረ ነው፤ የአልጋው ዋጋም አብሮ ይሰቀላል። የፋሲካቸው ሳምንት ከሁሉ የባሰ ነው። ጁላይና ኦገስት ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ይዘላል፤ በኦገስት 15 በሚውለው የፌራጎስቶ በዓል ሰሞን ደግሞ ብዙ የቤተሰብ ምግብ ቤቶች ዘግተው ወደ ባሕር ይወርዳሉ።

ኪሱን ለሚያስብ መንገደኛ ሁለት ክፍተት አለ። አንዱ ኖቬምበር ነው፤ ዝናቡን ከቻላችሁት። ሁለተኛው፣ የእኔ ምርጫ፣ ጃንዋሪ 6 የሚያከብሩት በዓል ካለፈ በኋላ እስከ ፌብሩዋሪ ማብቂያ ያለው ጊዜ ነው። ይበርዳል፣ ቀኑም አጭር ነው፤ ግን በሌላ ወር ሰው ተጨናንቆ የሚያየውን ቦታ ብቻችሁን የምታዩበት ሰዓት ታገኛላችሁ።

ወሩን ከመረጣችሁ በኋላ እሑዶቹን ቁጠሩ። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ የጣሊያን መንግሥት ሙዚየሞችና የጥንት ሥፍራዎች በነፃ ይከፈታሉ፤ ኮሎሲየምና ፓንተዮን የተባለው የጥንት ቤተ መቅደስም ጭምር። የቫቲካን ሙዚየም የተለየ መንግሥት ንብረት ስለሆነ ነፃ የሚያስገባው በወሩ የመጨረሻ እሑድ፣ ያውም ጠዋት ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ፦ በነፃው እሑድ ኮሎሲየም አትሂዱ፤ ሰልፉ ግማሽ ቀን ይበላል። ይልቅ ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጎን ወዳለው ፓላዞ ማሲሞ ግቡ። ከውጊያ በኋላ ደክሞት የተቀመጠው የነሐስ ቡጢኛና የንግሥት ሊቪያ የአትክልት ሥዕል ያሉት እዚያ ነው፤ ሰውም ያን ያህል አይጋፋችሁም።

2. ቪዛውን አታዋክቡት

ጣሊያን የሼንገን አገር ናት። ፓስፖርታችሁ ቪዛ የሚያስጠይቅ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ የአጭር ጊዜ ቪዛ ሲሆን በ180 ቀን ውስጥ ቢበዛ 90 ቀን ያስቆያል። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ይከፈታል፤ ቢዘገይ ከ15 ቀን በፊት መግባት አለበት። ውሳኔው በተለመደው አሠራር 15 ቀን ይፈጃል፣ እስከ 45 ቀን ሊጎተትም ይችላል። ስለዚህ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ነው ደጉ። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም።

ፓስፖርቱ ከወጣ 10 ዓመት ያልሞላው፣ ከሼንገን ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። የጉዞ የጤና ዋስትናው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። የአልጋውን ቀጠሮ ያለ ቅጣት ሊሰረዝ በሚችል ዓይነት ያዙ፤ የአውሮፕላኑም ቦታ ማስያዣ እንጂ የተከፈለበት ቲኬት ቪዛው ሳይወጣ አትግዙ።

ብቻውን በርካሽ የሚሄድ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ሀብታም ለመምሰል ይሞክራል፦ ከማመልከቻው በፊት ባለው ሳምንት የባንክ ሒሳቡ ውስጥ ድንገት ብዙ ገንዘብ ያስገባል፣ በማያርፍበት ሆቴል ስም ማስያዣ ያቀርባል። መርማሪው የሚያየው እንዲህ ያለውን አለመጣጣም ነው። አምስት ቀን፣ የሆስቴል አልጋ፣ ከደሞዝ ጋር የሚመጣጠን ወጪ፣ የሥራ ፈቃድ ደብዳቤ፤ ነገሩ እርስ በርሱ ከተያያዘ ትንሽነቱ አያሳፍርም። ያስገባችሁትን ሰነድ ሁሉ ቅጂውን በእጅ ቦርሳ ያዙ። ቪዛ እያላችሁም የድንበር ፖሊሱ የመመለሻ ቲኬቱንና ማረፊያውን ሊጠይቅ ይችላል።

3. ማረፊያ፦ ሆስቴል ወይስ የገዳም ቤት?

በሮም አልጋ የሚመረጠው በሜትሮ ካርታ ነው። ናቮና አደባባይ አጠገብ ማደር ያምራል፤ ግን የሚከፈለው ለመስኮቱ እይታ ነው፣ እናንተ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ውጭ ናችሁ። በቴርሚኒ ዙሪያ ያለው የኤስኲሊኖ ሰፈር ግርግር አለው፣ አንዳንዱ መንገዱም ማታ ደስ አይልም፤ ነገር ግን ሁለቱ ዋና የሜትሮ መስመሮች የሚገናኙበት ስለሆነ ለአጭር ቆይታ ይመቻል። ትንሽ ጸጥታ የፈለገ ሳን ጆቫኒን ወይም ከቫቲካን አጠገብ ያለውን ፕራቲን ይመልከት። ቴስታቾ ለመብል የተመረጠ ሰፈር ነው።

የሆስቴል የጋራ ክፍል አልጋ በብርዱ ወራት ከ25 እስከ 40 ዩሮ ድረስ ታገኙታላችሁ። ስትመርጡ ኩሽና እንዳለው፣ የሚቆለፍ ሳጥን እንዳለው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሰው በእንግዳ መቀበያው እንደሚቀመጥ እዩ። ጓጉንቸር ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያ ይሸጡታል እንጂ አይሰጡም። ሴቶች ለብቻቸው የሚያድሩበት ክፍል ያላቸው ብዙ ናቸው፤ የዋጋው ልዩነት ጥቂት ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ አማራጭ አለ። ሮም ውስጥ የካቶሊክ ማኅበራት መነኮሳት የሚያስተዳድሯቸው የእንግዳ ማረፊያዎች ሞልተዋል፤ በጣሊያንኛ «ካዛ ፔር ፌሪዬ» ይባላሉ። ሃይማኖት አይጠይቁም። ክፍሉ ጠባብና ንጹሕ፣ አልጋው ያንድ ሰው፣ አካባቢው ጸጥ ያለ ነው። ብዙዎቹ ማታ በተወሰነ ሰዓት በር ይዘጋሉ፤ ከመያዛችሁ በፊት የመዝጊያ ሰዓቱን ጠይቁ። በማለዳ መነሳት ላሰበ ሰው ይህ እንቅፋት አይደለም። ብቻዋን ለምትሄድ ሴት ከሆስቴል ይልቅ ይህንን እመርጥላታለሁ።

በየትኛውም ማረፊያ ከክፍሉ ዋጋ ውጭ የከተማው የቱሪስት ግብር ይከፈላል። እንደ ማረፊያው ደረጃ በሰው፣ በሌሊት ከ3.50 እስከ 10 ዩሮ ነው። ስትይዙ በታየው ዋጋ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይካተትም፤ መቀበያው ላይ ሲጠየቁ ተጭበረበርን የሚሉት ይህንን ሳያውቁ ነው።

4. አስቀድማችሁ ሁለት ቲኬት ብቻ ግዙ

ኮሎሲየምና የቫቲካን ሙዚየም። ሌላውን እዚያ ስትደርሱ ታገኙታላችሁ።

የኮሎሲየም መደበኛ ቲኬት 18 ዩሮ ነው፤ የሮማን ፎረምን፣ ማለትም የጥንቷን ከተማ አደባባይ ፍርስራሽ፣ እና የፓላቲን ኮረብታንም ይጨምራል። ሽያጩ የሚከፈተው ከጉብኝቱ ቀን 30 ቀን ቀደም ብሎ ነው። ስም ስለሚጻፍበት ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ሙሉት። ቀኑ «ሞልቷል» ቢላችሁም ተስፋ አትቁረጡ፤ ለአራት ሰው የሚሆን ቦታ ያለቀበት ሰዓት ብዙ ጊዜ አንድ ይተርፈዋል። ይህ ሕንጻ በ80 ዓ.ም. ሲመረቅ የከተማው ሰው የሚገባው በነፃ እንደነበር ስታስቡ 18 ዩሮው ትንሽ ይቆረቁራል፤ ግን ክፈሉት።

የቫቲካኑ 20 ዩሮ ነው፤ በኢንተርኔት ለመያዝ 5 ዩሮ ይጨመራል። ያችን 5 ዩሮ አትሰስቱ፤ በግንቡ ሥር ለሁለት ሰዓት ከመሰለፍ የምታድናችሁ እሷ ናት። የአመሻሹን ሰዓት ምረጡ፤ የቱሪስት ቡድኖች ተጭነው ስለሚሄዱ ሲስቲን ጸሎት ቤት ውስጥ አንገት ቀና አድርጎ ማየት ይቻላል። ጣሪያውን ሚኬላንጄሎ የሣለው ከ1508 እስከ 1512 ነው፤ ከፊት ለፊት ያለውን የመጨረሻ ፍርድ ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ተመልሶ። ውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ትከሻና ጉልበት የተሸፈነ ይሁን፤ ይህ ለቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካም ይሠራል።

ሁለቱንም ከይፋዊው ሻጭ ብቻ ግዙ። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ከላይ የሚመጡት ብዙዎቹ አትራፊ ሻጮች ናቸው። ቫቲካን አካባቢ ደግሞ አንገታቸው ላይ መታወቂያ ያንጠለጠሉ ሰዎች «ዛሬ ተዘግቷል፣ በእኛ በኩል ግቡ» ይሏችኋል። አልፋችሁ ሂዱ።

5. ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማ

ዋናው አውሮፕላን ማረፊያ ፊዩሚቺኖ ከመሃል ከተማ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይርቃል። «ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ» የተባለው ባቡር በ32 ደቂቃ ቴርሚኒ ያደርሳል፤ 14 ዩሮ ነው። ኤፍ ኤል 1 የሚባለው ተራ ባቡር 8 ዩሮ ሲሆን በትራስቴቬሬ፣ በኦስቲየንሴና በቲቡርቲና በኩል ያልፋል፤ ቴርሚኒ ግን አይገባም። እኔ መጀመሪያ ስሄድ ባቡር ሁሉ ቴርሚኒ የሚደርስ መስሎኝ በሌሊት ቲቡርቲና ላይ ከእነሻንጣዬ ወረድኩ። ጉዳት አልነበረውም፤ ኦስቲየንሴም ቲቡርቲናም ከሜትሮ ቢ ጋር ይገናኛሉ። ግን አውቆ መውረድና ግራ ገብቶት መውረድ ይለያያል። አውቶቡሶቹ ከሁሉ ይረክሳሉ፤ መንገዱ ከተዘጋጋ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጁ ይችላሉ። ታክሲ ወደ መሃል ከተማ የተወሰነ ዋጋ አለው፤ ከ50 ዩሮ በላይ ስለሆነ ብቻውን ለሚጓዝ አይመከርም።

የወረቀት የባቡር ቲኬት ከገዛችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት መድረኩ ላይ ባለችው ትንሽ ማሽን አስመቱት። ያልተመታ ቲኬት እንዳልተገዛ ይቆጠራል።

ቴርሚኒ ስትወጡ ፊት ለፊት የአውቶቡሶች ሰፊ አደባባይ አለ፤ «ፒያሳ ዴይ ቺንኲቼንቶ» ይባላል፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ እነማን መሰሏችሁ? በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያቸው የሆነው ከግብጽ የመጣ ትንሽ ሐውልትም እዚያው ቅርብ፣ ዛፎች ውስጥ ቆሟል። አላፊ አግዳሚው ቀና ብሎ አያየውም። እኔ ሻንጣዬን ከማሳረፌ በፊት ሄጄ አየሁት።

6. በከተማው ውስጥ መንቀሳቀስ

በእግር ሂዱ። ከኮሎሲየም ፓንተዮን ግማሽ ሰዓት አይሞላም፣ የመንገዱም ላይ ነገር ራሱ ሙዚየም ነው። መንገዱ የተነጠፈው በጥቁር ድንጋይ ኩብ ስለሆነ ያለቀ ሶል ያለው ጫማ ቁርጭምጭሚት ያስከፍላል፤ አዲስ ጫማም ይዛችሁ አትሂዱ።

ሲደክማችሁ የ1.50 ዩሮ ቲኬት አለ፦ ለ100 ደቂቃ በአውቶቡስና በትራም እንደፈለጋችሁ፣ በሜትሮ ግን አንድ ጊዜ ብቻ። በባንክ ካርድ መነካካትም ይቻላል፤ ሁልጊዜ በአንዱ ካርድ ንኩ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ያለ ቲኬት ከተገኛችሁ ቅጣቱ ከ50 ዩሮ በላይ ነው። የሜትሮ ሀ እና የሜትሮ ቢ መስመሮችን ካወቃችሁ ይበቃል፤ ለቫቲካን በሀ ኦታቪያኖ፣ ለኮሎሲየም በቢ ኮሎሴዮ። አውቶቡስ ጣቢያው ላይ ከተጻፈው ሰዓት ይልቅ በራሱ ስሜት ነው የሚመጣው።

7. መብልና ውኃ

ከውኃው ልጀምር፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ገንዘቡን የሚያንጠባጥበው። በሮም መንገዶች ላይ ቀን ከሌት የሚፈስሱ ከ2,000 በላይ የብረት ቧንቧዎች አሉ። መተከል የጀመሩት በ1870ዎቹ ነው፤ የሚያፈሱበት ጫፍ አፍንጫ ስለሚመስል ሕዝቡ «ናሶኒ» ይላቸዋል፣ አፍንጫሞቹ ማለት ነው። ውኃው ንጹሕና ቀዝቃዛ ነው። ጫፉን በጣት ብትደፍኑት ከላይ ባለችው ቀዳዳ ሽቅብ ይተፋል፣ ሳትጎነበሱ ትጠጣላችሁ። አንድ ባዶ ጠርሙስ ይበቃችኋል።

ቡና ቆማችሁ ጠጡ። ባንኮኒው ላይ ኤስፕሬሶ ከ1 ዩሮ ብዙም አይርቅም፤ ያንኑ ቡና ቁጭ ብላችሁ በአስተናጋጅ ብታዙት ሁለት ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። እኔ አንድ የታወቀ አደባባይ ላይ እግሬን ላሳርፍ ተቀምጬ ለአንድ ማኪያቶ የምሳ ዋጋ ከፍያለሁ። ዋጋው ዝርዝሩ ላይ ተጽፎ ነበር፤ አላየሁም። በአንዳንዱ ቤት መጀመሪያ ገንዘብ ተቀባዩ ጋ ከፍላችሁ ደረሰኙን ይዛችሁ ነው ወደ ባንኮኒው የምትሄዱት።

ለምሳ «ፒዛ አል ታሊዮ» አለላችሁ። በትልቅ ትሪ የተጋገረ ፒዛ ነው፤ በመቀስ ወይም በቢላ ቆርጠው በኪሎ ይሸጡታል። ምን ያህል እንደምትፈልጉ በእጅ ብታሳዩ ይበቃል። ዋጋው አንዳንዴ ለ100 ግራም፣ ማለትም ለአንድ «ኤቶ» ስለሚጻፍ ርካሽ መስሎ ይታያል፤ ሚዛኑን እዩ። አይብ የማይበላ «ማሪናራ» ወይም «ሮሳ» ይበል። ከጎኑ «ሱፕሊ» የሚባል በቲማቲም የተሠራ የሩዝ ጥብስ አለ። ሁለቱን አንድ ላይ ብትይዙ እስከ ማታ ያቆያችኋል።

ጣሊያኖች ገበያን መርካቶ ነው የሚሉት፤ ቃሉ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። ከቫቲካን ሙዚየም አጠገብ ትሪዮንፋሌ፣ ከቴርሚኒ አጠገብ ኤስኲሊኖ፣ በደቡብ ደግሞ የቴስታቾ መርካቶ አለ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ በዋናነት እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ይሠራሉ። ፍራፍሬ፣ ዳቦና አይብ ይዛችሁ የሆስቴሉን ኩሽና ተጠቀሙ።

አንድ ማታ ግን ምግብ ቤት ቁጭ በሉ። ካርቦናራ፣ አማትሪቻና ወይም ካቾ ኤ ፔፔ የሮም የራሷ ፓስታዎች ናቸው፤ እዚህ ያልተበላ የት ይበላል? ደጃፉ ላይ ቆሞ እንግዳ የሚጣራ አስተናጋጅ ካለ፣ ወይም የምግብ ዝርዝሩ በሰባት ቋንቋ ከነፎቶው ከተለጠፈ እለፉት። ሒሳቡ ላይ ለዳቦ ወይም ለመቀመጫ ከ1 እስከ 3 ዩሮ ሊጨመር ይችላል። ጉርሻ ግዴታ አይደለም። ብቻችሁን ስትሆኑ ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በእነሱ አቆጣጠር 19፡30 ማለት ነው፣ ሰዉ ሳይሞላ ብትደርሱ ጠረጴዛ አይከለክሏችሁም።

8. በነፃ የሚታየው፣ ማለትም ዋናው ነገር

አንድ ቀን እንዲህ ዋሉ።

ጠዋት 7፡00 (በፈረንጅ ሰዓት) የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ሲከፈት በር ላይ ድረሱ። የመግቢያ ክፍያ የለውም፤ ፍተሻው ብቻ ነው፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ ሰልፉ አጭር ነው። ረቡዕን ተዉት፤ ጳጳሱ ሕዝብ የሚቀበሉበት ቀን ስለሆነ ጠዋቱን ይዘጋጋል። እንደገባችሁ በስተቀኝ የሚኬላንጄሎ ፒዬታ፣ የሞተ ልጇን የታቀፈችው የማርያም ሐውልት፣ አለች። ሲቀርጻት ሃያዎቹን የጀመረ ጎልማሳ ነበር። ፊቷ ያለው ወፍራም መስታወት የተተከለው በ1972 አንድ ሰው በመዶሻ ከመታት በኋላ ነው። በ10፡00 ብትመጡ የምታዩት የሰው ማጅራት ነው፤ በ7፡00 ግን ብቻችሁን ትቆማላችሁ።

ከዚያ የመላእክቱን ድልድይ ተሻግራችሁ ወደ ናቮና አደባባይ። ቅርጹ ረዘም ያለው የጥንት ስታዲየም መሬት ላይ ስለተሠራ ነው። መሃል ያለው የበርኒኒ የአራቱ ወንዞች ፏፏቴ በ1651 ተጠናቀቀ። ከአራቱ ፊቱን በጨርቅ የሸፈነውን ፈልጉ፤ ናይል ነው። ምንጩ አይታወቅም ለማለት ነው የሸፈኑት። ምንጩ ዳር ለሚኖሩት ግን መቼም ተሰውሮ አያውቅም።

ከናቮና ሁለት እርምጃ ላይ የቅዱስ አውግስጢኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ውስጡ ካራቫጆ የሣላት ማርያም ፊት ተንበርክከው እግራቸው ያደፈ ሁለት ምስኪን ተሳላሚዎች ታያላችሁ። ቀጥሎ ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ፤ የማቴዎስ መጠራት የተባለው የካራቫጆ ሥዕል ያለበት የግራ ጥግ። ጥጉ ጨለማ ነው። ሳጥን ውስጥ ሳንቲም ሲገባ መብራቱ ለጥቂት ደቂቃ ይበራል፣ ከዚያ ይጠፋል። ለዚህ የሚሆኑ የ50 ሳንቲምና የ1 ዩሮ ዝርዝሮች ኪስ ውስጥ ይኑሩ። ዝርዝር ካለቀባችሁም ጥቂት ታገሡ፤ አንዱ መጥቶ ያበራል።

ፓንተዮን ከ2023 ወዲህ 5 ዩሮ ያስከፍላል። ይገባዋል። በንጉሥ ሀድሪያን ዘመን የተሠራው ጉልላት ስፋቱ 43.3 ሜትር ነው፤ ብረት በሌለበት ኮንክሪት ከተሠሩት ዛሬም የሚበልጠው የለም። አናቱ ክፍት ስለሆነ ዝናብ ሲጥል ወለሉ ላይ ይወርዳል፣ በወለሉ ቀዳዳዎችም ይፈስሳል። ዝናብ ያበላሸውን ቀን እዚህ ማሳለፍ ነው።

ከ12፡30 እስከ 15፡00 ወይም 16፡00 ድረስ አብዛኞቹ ቤተ ክርስቲያኖች ይዘጋሉ። ይህን የማያውቅ ሰው ከሰዓቱን ከተዘጋ በር ወደ ተዘጋ በር ሲዞር ይውላል። እናንተ በዚያ ሰዓት ምሳችሁን ይዛችሁ ወደ ካምፒዶሊዮ ኮረብታ ውጡ። ከአደባባዩ በስተጀርባ ካለው እርከን ላይ ፎረሙ በሙሉ እግራችሁ ሥር ተዘርግቶ ይታያል፤ ቲኬት አያስፈልገውም።

በሩ ሲከፈት ሳን ፒየትሮ ኢን ቪንኮሊ። የሚኬላንጄሎ ሙሴ ተቀምጦ ጢሙን ይዞ አለ። ከዚያ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ላይ የወርቅ ሞዛይክ ወደተለበጠው ወደ ሳንታ ፕራሴዴ፣ ከዚያም ወደ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ፤ ጳጳስ ፍራንቸስኮስ በ2025 የተቀበሩት እዚህ ነው። ቀኑን ሙሉ የከፈላችሁት የፓንተዮኑን 5 ዩሮና የመብራቱን ሳንቲም ብቻ ነው።

ሌላ ቀን ወደ ደቡብ። ሜትሮ ቢ ላይ ቺርኮ ማሲሞ ውረዱ። አጠገቡ ያለው የፖርታ ካፔና አደባባይ ከ1937 ጀምሮ የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረ ቦታ ነው፤ በ2005 ወደ አገሩ ተመልሷል። አሁን እዚያ ሄዶ ባዶውን ማየት ለእኔ ከብዙ ሙዚየም ይበልጥብኛል። ከዚያ አቬንቲኖ ኮረብታ ላይ ወደ ብርቱካን አትክልት ስፍራ፣ ቀጥሎም የማልታ ፈረሰኞች በር ላይ ባለች የቁልፍ ቀዳዳ ማጮለቅ፤ የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት መሃሏ ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል። ቁልቁል ወርዳችሁ ቴስታቾ መርካቶ ምሳ፣ ወንዙን ተሻግራችሁ ትራስቴቬሬ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጃኒኮሎ ኮረብታ። እሑድ ከሆነ ደግሞ በ312 ዓመተ ዓለም የተጀመረው የአፒያ መንገድ ለመኪና ስለሚዘጋ ለእግረኛ ይመቻል።

የትሬቪን ፏፏቴ ለማየት ከንጋቱ የተሻለ ሰዓት የለም። ምንጩ የሚጠጣው በ19 ዓመተ ዓለም አግሪጳ ካሠራው የውኃ መስመር ነው። የሚወረወረው ሳንቲም ተለቅሞ ለበጎ አድራጎት ይሄዳል፤ ስለዚህ አንዲት ሳንቲም ብትወረውሩ አትቆጩም።

9. ሌባ፣ ቅጣትና ምሽት

ሮም ውስጥ በጉልበት መዘረፍ ብርቅ ነው፤ ኪስ አውላቂው ግን ጥበበኛ ነው። ሜትሮ ሀ፣ ቴርሚኒና ከቴርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ የታወቁ መስኮቹ ናቸው። ስልክ የኋላ ኪስ ውስጥ አይገባም፤ ቦርሳ ወደ ደረት ይዞራል። ከእጃችሁ ላይ «ስጦታ» ብሎ ክር የሚያስር፣ ለማስፈረም ወረቀት የሚዘረጋ ሰው ሲቀርብ ዓይን አትስጡ። ብቻውን የሆነ ሰው ዕቃ የሚጠብቅለት ስለሌለው ሁለት ካርድ በሁለት ቦታ ያስቀምጥ፤ አንዱ ማረፊያው ተቆልፎበት ይዋል። ገንዘብ ስታወጡ የባንክ ቅርንጫፍ ግድግዳ ላይ ካለው ኤቲኤም ይሁን፣ «በራስዎ አገር ገንዘብ ይቆረጥ?» ሲላችሁም አይሆንም በሉ፤ በዩሮ ይቆረጥ። የድንገተኛ ስልክ 112 ነው።

የስፔን ደረጃዎች ላይ መቀመጥ ከ2019 ወዲህ ያስቀጣል፤ ምንጮቹ ውስጥ እግር መንከርም እንዲሁ። የሁለት ቀን ወጪ የሚበላ ቅጣት ነው።

ምሽቱን ልብ በሉ። ቀን ቀን ብቸኝነት ነፃነት ነው፤ አመሻሽ ላይ ሰው ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሲወጣ ግን ይከብዳል። ለዚያ ሰዓት ዕቅድ ይኑራችሁ። በመጀመሪያው ቀን በጉርሻ የሚኖሩ አስጎብኚዎች የሚመሩትን የእግር ጉዞ ተቀላቀሉ፤ ከ5 እስከ 10 ዩሮ ብትሰጡ ደግ ነው፣ የሌላ ብቸኛ መንገደኛ ፊትም እዚያ ይለመዳል። የሆስቴሉ ኩሽና ሌላው መገናኛ ነው፤ ፓስታ የሚቀቅል ሰው ከጎኑ ላለው ጨው መጠየቁ አይቀርም።

10. ስሌቱ

አምስት ሌሊት በብርዱ ወራት፦ አልጋ በ35 ዩሮ 175፤ ግብር 17.50፤ ምግብ በቀን 20 ሒሳብ 100፤ የአውሮፕላን ማረፊያ ባቡር ደርሶ መልስ 16፤ በቀን ሦስት የከተማ ቲኬት 22.50፤ ኮሎሲየም፣ ቫቲካንና ፓንተዮን 48፤ የመብራት ሳንቲም 5። ድምሩ 384 ዩሮ ነው፤ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ቪዛና ዋስትና ሳይጨመር። ከአፕሪል እስከ ጁን ባለው ጊዜ ከሄዳችሁ የአልጋውን መስመር እጥፍ አድርጉት፤ ሌላው እምብዛም አይለወጥም።

በዚህ ላይ ሌላ 50 ዩሮ ለክፉ ቀን ለብቻ አስቀምጡ። ክፉ ቀን ካልመጣ በመጨረሻው ጠዋት የቅዱስ ጴጥሮስን ጉልላት ውጡበት። ደረጃው 551 ነው፤ አሳንሰር ከከፈላችሁ 320 ይቀራል፣ እሱም ግድግዳው ራሱ ዘንበል እያለ ሰው የሚያጠብበት ክፍሉ ነው። ሻንጣችሁን ማረፊያው እስከ ከሰዓት ያስቀምጥላችኋል። ከትራስቴቬሬ ጣቢያ ወደ ፊዩሚቺኖ የሚመለሰውን ኤፍ ኤል 1 ከበረራው ሦስት ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ያዙ፤ ቲኬቱንም ማስመታት እንዳትረሱ።